ስለ አደን መከልከልና ስለ ሰብል መጠበቅ፤ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች የተሰናዳ ትምህርት

የዱር አራዊትን አደን ፈጽሞ መከልከል ይገባል ወይስ በልክና በፈቃድ መተው ይሻላል የሚለው ክርክር በብዙ አገር ምክር ቤት ሲነሣ የኖረ ነው። በኢትዮጵያም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሕግ ሲወጣለትና ሲሻሻል ቈይቷል። ነገሩ በከተማ ለሚኖር ሰው የአሳብ ክርክር ሲሆን፣ በጫካ ዳር ለሚያርስ ገበሬ ግን የእንጀራ ነገር ነው። በቆሎው እሸት በያዘ ጊዜ የዝንጀሮ መንጋ ይወርድበታል፤ ድንቹንና እንሰቱን ጃርትና የዱር ዐሳማ በሌሊት ይቈፍሩበታል። ጠመንጃ ወይም ጦር ቢያነሣ ሕግ ይይዘዋል፤ ዝም ቢል ጎተራው ባዶ ይቀራል። ወደ ሹም ደጅ አቤት ሊል የሚመጣውም ይኸው ገበሬ ነው። ስለዚህ በዞን፣ በወረዳና በቀበሌ የተሾመ ሁሉ፣ ሰፊ መሬት የያዘም ሰው፣ የክርክሩን ሁለት ወገን መርምሮ በቅን እንዲፈርድ ይህ ትምህርት ተሰናድቷል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚለው የኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ «እ.አ.አ.» የሚለው የአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ክፍል 1፤ ስለ አገሩ ጠባይና ስለ አራዊቱ

የአምቦ ከተማ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት እየተባለች የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፣ ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ የሆነች ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በተራ ይገኛሉ። ደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ያበቅላል፤ ወይና ደጋው የጤፍ አገር ነው፤ ወደ ባኮ ሲወረድ በቆሎ ይበዛል፤ በጥቁር እንጭኒ በኩልም እንሰት ይተከላል። በዚህ ሁሉ እርሻ መካከል ከጥንቱ ደን የቀሩ ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከነዚህም ዋኖቹ በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደንና በደቡብ በኩል ያለው የጅባት ደን ናቸው። በምሥራቅም ከሆለታ በስተ ደቡብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ የዚህንም ደን ጥድ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል።

የጭሊሞ ደን ጥድና ዝግባ የበዛበት ሲሆን በአዋሽ ወንዝ መነሻ አካባቢ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የዚህ ደን መጠበቅ የዴንዲ ገበሬዎች ጕዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ከአዋሽ ውሃ ለሚጠቀም ሁሉ የሚደርስ ጕዳይ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

በነዚህ ደኖች የሚኖሩት አራዊት ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው አይደሉም፤ ሹምም አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ የሚገባው ይህን ነው። ሰብል የሚያጠፉት በተለይ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮ፣ የዱር ዐሳማና ጃርት ናቸው። ከብት የሚነጥቁት ጅብና ነብር ናቸው። ጉሬዛ ግን ምግቡ ይበልጡን የዛፍ ቅጠል ስለ ሆነ የጎተራ ጠላት አይደለም፤ ሆኖም ቆዳው ያማረ በመሆኑ ብዙ ዘመን ሲታደን ኖሯል። የውጭ አገር ሊቃውንት እንኳ ይህን እንስሳ በሳይንስ ስሙ «ጉሬዛ» ብለው የጠሩት ስሙን ከኢትዮጵያ ወስደው ነው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የድኩላ ወገን ነው። እንግዲህ «አውሬ» በሚል በአንድ ስም ጉሬዛውንና ዝንጀሮውን፣ ድኩላውንና ከርከሮውን አንድ አድርጎ መፍረድ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ክፍል 2፤ አደን ከጀግንነት ወደ ሕግ የመጣበት ታሪክ

በቀድሞ ዘመን አደን በደጋውም በቆላውም የጀግንነት መለኪያ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ቅቤ ተቀብቶ ይፎከርለት ነበር፤ የአንበሳ ጎፈር መልበስም የታላቅ ሰው ምልክት ነበር። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድም ትልቅ አውሬ መግደል በማኅበሩ ፊት ክብር የሚያሰጥ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ይህ ልማድ የመጣው ምድሩ ሰፊ፣ ደኑ ጥቅጥቅ፣ ሰዉ ጥቂት፣ መሣሪያውም ጦር በነበረበት ዘመን ነው። አዳኙ ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጥ ስለ ነበረ ክብሩ ያለ ዋጋ አልነበረም። ጠመንጃ ከበዛ በኋላ ግን አደጋው ከአዳኙ ላይ ተነሥቶ በታዳኙ ላይ ብቻ ቀረ፤ የአውሬውም ቍጥር በፍጥነት ተመናመነ።

ይህንም መንግሥት ቀደም ብሎ ተመልክቶታል። በ1909 እ.አ.አ. በዐፄ ምኒልክ መንግሥት የዝሆን አደንን የሚወስን ደንብ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1944 እ.አ.አ.፣ ስለ አራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። በ1963 እ.አ.አ. ዩኔስኮ በሰር ጁልያን ሐክስሌይ የሚመራ የባለሙያዎች ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ አሳብ አቀረበ፤ በ1969 እ.አ.አ. የአዋሽና የስሜን ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ተቋቋሙ። በ1972 እ.አ.አ. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቍጥር 416 አደንን በፈቃድና በክፍያ ወሰነ።

ስለ ደኑም በ1965 እ.አ.አ. ሦስት ዐዋጆች ወጥተው የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደን ተብሎ ተለይቶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የባለ ርስት ሥልጣን ቀረ። ስለዚህ ቀድሞ ባለ ርስቱ በደኑ ውስጥ ማን እንዲያድን ይፈቅድና ይከለክል የነበረው ልማድ ዛሬ መሠረት የለውም፤ ሰፊ መሬት የያዘ ሰው ቢኖርም ይዞታው ለማረስና ለማልማት እንጂ በአራዊቱ ላይ ለማዘዝ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ1989 እ.አ.አ. ስለ ብርቅ አራዊትና እፀዋት ንግድ በተደረገው የዓለም ስምምነት ገባች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ፤ በሚተላለፈውም ላይ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጫ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደነገገ። በኦሮሚያ ክልልም በ2001 ዓ.ም. የደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ተቋቁሞ የብዙ ደኖች አስተዳደር ተሰጠው። ሹም ግን ከመፍረዱ በፊት በእጁ ያለው ሕግ በኋላ በወጣ ሕግ የተሻሻለ እንደ ሆነ የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ ተመልክቶ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ክፍል 3፤ አደን አይከልከል የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት

አንደኛ፤ ገበሬ በሰብሉ ላይ የመጣበትን አውሬ እንዳይነካ መከልከል ሌባ ቤቱን ሲዘርፍ እጅህን አጣጥፈህ ተመልከት እንደ ማለት ነው ይላሉ። ከሰብል ጥበቃ የተነሣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ሲውሉ፣ አባቶችም በብርድ ሲያድሩ እንደሚከርሙ ያስረዳሉ።

ሁለተኛ፤ አውሬ ዋጋ ካለው ይጠበቃል፣ ዋጋ ከሌለው ይጠፋል ይላሉ። ለዚህም በባሌና በአርሲ የተከለሉትን የአደን ቀበሌዎች ምስክር ያደርጋሉ። በዚያ የውጭ አገር አዳኞች አንድ የደጋ አጋዘን ለማደን ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላሉ፤ ከገንዘቡም ለአገሩ ሕዝብ ድርሻ ሲደርሰው ሕዝቡ ራሱ ጠባቂ ይሆናል የሚል ነው።

ሦስተኛ፤ ጠባቂ የሌለው ክልከላ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል ይላሉ። ኬንያ በ1977 እ.አ.አ. የስፖርት አደንን ፈጽማ ከለከለች፤ ነገር ግን እስከ 2016 እ.አ.አ. ባለው ጊዜ የአራዊቷ ቍጥር በአማካይ 68 በመቶ እንደ ቀነሰ በተደረገው ጥናት ታውቋል። ቦትስዋናም በ2014 እ.አ.አ. የከለከለችውን አደን በ2019 እ.አ.አ. መልሳ ፈቀደች።

ክፍል 4፤ አደን ይከልከል የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት

አንደኛ፤ የባሌን ነገር ለምዕራብ ሸዋ ማምጣት አይቻልም ይላሉ። የጭሊሞና የጅባት ደኖች በእርሻ የተከበቡና ከጥንቱ ያነሱ ናቸው። ደን እየጠበበ ሲሄድ በውስጡ ያለው መንጋ ከሌላ ስፍራ በሚመጣ ወገን አይተካም፤ ስለዚህ የጥቂቶች መገደል እንኳ ዘሩን ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፤ በዚህ አገር ሰብል የሚያጠፋው አውሬ የሚበላ አይደለም ይላሉ። ከርከሮንና የዱር ዐሳማን ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላም፤ ዝንጀሮም እንዲሁ። የሚገደለው ሬሳ በሜዳ ይጣላል። የሚበላው ድኩላና ሚዳቋ ናቸው፤ እነዚህ ግን የችግሩ ዋና ምክንያት አይደሉም። እንግዲህ ሰው «ሰብሌን ላድን ነው» ብሎ ይወጣና ድኩላ ይዞ ይመለሳል፤ ዝንጀሮው ግን በገደሉ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ነብርን የገደለ የዝንጀሮን ጠላት ገደለ ይላሉ። ነብር ዝንጀሮና ዐሳማ እየነጠቀ ቍጥራቸውን ያሳንሳል። በጋና አገር ከ1968 እ.አ.አ. ጀምሮ በተያዘ መዝገብ ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንበሳና ነብር በጠፉባቸው ክልሎች ዝንጀሮ እጅግ እንደ በዛና ብዙ ስፍራ እንደ ያዘ ታይቷል። ስለዚህ አንድ ፍየል የነጠቀውን ነብር በመግደል የሚገኘው ደስታ፣ በኋላ በበቆሎ ማሳ ላይ በዕጥፍ ሊከፈል ይችላል።

አራተኛ፤ አዳኝ ውሻ አስከትሎ፣ ወጥመድ አጥምዶ፣ ወይም መርዝ ጥሎ ሲያድን የሚይዘውን አይመርጥም። ለጅብ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚደረግ መርዝ አሞራዎችን ይፈጃል፤ ጥንብ የሚያጸዱት እነርሱ ሲጠፉም በሽታ በከብቱና በሰዉ ላይ ይበዛል።

ክፍል 5፤ ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

በእንግሊዝ አገር በውሾች ቀበሮ የማሳደድ አደን የመኳንንትና የባለ መሬቶች ታላቅ ጨዋታ ነበር። በ1949 እ.አ.አ. ይህን የሚከለክሉ ረቂቅ ሕጎች በፓርላማ ቀርበው ሳይጸድቁ ቀሩ፤ መንግሥቱም መርማሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ኮሚቴው በ1951 እ.አ.አ. ዘገባውን አቀረበ። ክልከላው በሕግ የጸደቀው ከ50 ዓመት በላይ ቈይቶ በ2004 እ.አ.አ. ነው። ክርክሩ ይህን ያህል የረዘመው ስለ ቀበሮ ብቻ ስላልነበረ ነው፤ ከተሜና ባላገር፣ ባለ መሬትና መሬት የለሽ፣ ማን በገጠሩ ላይ ያዛል በሚለው ነገር ሲሟገቱ ነበር።

በኢትዮጵያም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ቀድሞ የአደን ክብር የመኳንንቱ ሲሆን፣ በአውሬ የሚበላው ሰብል ግን የጭሰኛው ነበር። በኋላም አደን በፈቃድና በክፍያ በሆነ ጊዜ፣ ገንዘብ ያለው የውጭ አገር ሰው ሲያድን ሕጋዊ ሆኖ፣ መክፈል የማይችለው ባላገር ሲያድን ወንጀለኛ ሆነ። ባላገሩ ይህን ፍርድ በልቡ ይዞታል። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠና ጠባቂ በላላ ጊዜ፣ በነጭ ሣርና በአብያታ ሻላ ፓርኮች የነበሩት ቤቶችና ንብረቶች ተዘረፉ፣ አራዊቱም ተገደሉ። ሕዝቡ የራሱ ነው ብሎ ያልተቀበለው ጥበቃ፣ ኀይል በላላ ቀን እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የኬንያም ነገር በትክክል መታየት አለበት። አራዊቱ የቀነሱት አደን ስለ ተከለከለ ብቻ አይደለም፤ የሰዉና የከብቱ መብዛት፣ የግጦሹ መታጠር፣ የስርቆት አደንና ድርቅም ተደርበውበታል። ይህ የሚያስረዳው ክልከላ ጕዳት አለው የሚለውን ሳይሆን፣ ክልከላ ብቻውን አይበቃም የሚለውን ነው።

ክፍል 6፤ የሁለቱ ወገን ክርክር ሲመዘን

ከዚህ በላይ የተነገረው ሲመዘን፣ በአምቦና በአካባቢው ላለው አገር የሚስማማው ፍርድ እንዲህ ይሆናል። ደኑ ጠባብ፣ አራዊቱም ጥቂት ስለ ሆኑ የጨዋታና የፉከራ አደን በዚህ አገር ስፍራ የለውም። ጉሬዛን፣ ድኩላንና ነብርን መጠበቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ይህን ግዴታ በጫካ ዳር ባለው ገበሬ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይደለም። የደኑ ጥቅም ለሁሉ ሲሆን ጕዳቱ ለጥቂቶች ከሆነ፣ እነዚያ ጥቂቶች አንድ ቀን በደኑ ላይ መጥረቢያና እሳት ያነሣሉ፤ ያን ጊዜ አውሬውም፣ ደኑም፣ የአዋሽ ውሃም ይጐዳሉ። እንግዲህ የሹም ሥራ «አታድን» ብሎ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ ገበሬው ሳያድን ሰብሉ የሚተርፍበትን መንገድ አብሮ ማዘጋጀት ነው።

«የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» እንዲሉ፣ ሊያስፈጽሙት የማይችሉትን ክልከላ ማወጅ ሕግን ያስንቃል፤ ካወጁ በኋላም ለአንዱ አጥብቆ ለሌላው ማላላት ከዚያ የባሰ ነው።

ክፍል 7፤ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ

1ኛ፤ ሰብሉ የተበላበት ገበሬ ሲመጣ አቤቱታው በዚያው ሳምንት በቦታው ይታይ። የአውሬው ዓይነት፣ የእህሉ ዓይነት፣ የጠፋው ማሳ ስፋትና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገብ የሌለው ወረዳ ከበላይ ርዳታ ሲጠይቅ የሚያሳየው ማስረጃ አይኖረውም። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ የባኮና የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከሎችም በቅርብ ስላሉ፣ መዝገቡን ለባለሙያ አሳይቶ ምክር መቀበል አይቸግርም።

2ኛ፤ ጥበቃው በማኅበር ይሁን። እያንዳንዱ ለብቻው ሲጠብቅ ዝንጀሮው ካንዱ ማሳ ተባርሮ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። የአንድ ጫካ ዳር ገበሬዎች ግን በተራ ማማ ወጥተው፣ በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ካባረሩት መንጋው ተስፋ ይቈርጣል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። ተራው ለዐዋቂዎች እንጂ ለትምህርት ልጆች እንዳይሰጥ ሹሙ ይቈጣጠር።

3ኛ፤ በቆሎና ድንች ከጫካው ጋር ተያይዘው እንዳይዘሩ ይመከር። ዝንጀሮና ዐሳማ ሽፋን የሌለውን ሜዳ ማቋረጥ ይፈራሉ፤ ስለዚህ በጫካውና በማሳው መካከል ለሣር ማጨጃ የሚሆን ገላጣ መሬት መተው፣ በዳሩም ቀፎ መስቀል ይጠቅማል። ቀፎው ማር ያስገኛል፤ ንቡም ደኑ እንዲጠበቅ ባለቤቱን ያስገድደዋል።

4ኛ፤ በግና ፍየል በሌሊት በጠንካራ በረት ይደር። ነብርና ጅብ የሚደፍሩት የላላውን በረት ነው። መርዝ መጣል ግን በማናቸውም ምክንያት እንዳይፈቀድ።

5ኛ፤ ጕዳቱ በጥበቃ የማይመለስ ሆኖ ሲገኝ፣ ሹም በራሱ ሥልጣን የዘመቻ አደን አያዝዝ። መዝገቡን አያይዞ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ለክልሉ የደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ በጽሑፍ ያመልክት፤ ባለሙያም መጥቶ እንዲወስን ይጠይቅ። የሰው ነፍስ በአውሬ ሲያዝ ማዳን ግን ከአደን የተለየ ነገር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሹሙ ወዲያው መርምሮ እውነቱን ይጻፍ።

6ኛ፤ ደኑን የሚጠብቅ ሕዝብ ከደኑ ይጠቀም። በጭሊሞ ከ1990ዎቹ እ.አ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ በሚባለው ድርጅት ርዳታ የደኑ ዳር ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ደኑን በጋራ መጠበቅና መጠቀም ጀመሩ። ይህ አሠራር በአገሪቱ ከቀደሙት አንዱ ስለ ሆነ፣ የሌላው ወረዳ ሹማምንት ሄደው ቢያዩት ይማሩበታል።

7ኛ፤ ጕልማሳው ጀግንነቱን የሚያሳይበት ሜዳ ይሰጠው። የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ በፈረስ የታወቀ ነው። በበዓል ቀን ጫካ ለጫካ አውሬ ከማሳደድ ይልቅ ጉግስና የፈረስ ግልቢያ በሹማምንት ፊት ቢደረግና ለአሸናፊው ሽልማት ቢሰጠው፣ የአባቶች ሙያ ሳይጠፋ የደኑ ነፍስ ይተርፋል።

8ኛ፤ ከሁሉ በላይ ፍርዱ እኩል ይሁን። ከከተማ በመኪና መጥቶ ድኩላ ለሚገድል ባለ ገንዘብ ወይም ባለ ሥልጣን ዐይንን ጨፍኖ፣ ዝንጀሮ የገደለን ድኻ ገበሬ ማሰር የሕጉን ክብር ይገፋል። ሕጉ በመጀመሪያ በታላላቆች ላይ ሲጸና ታናናሾች ያለ ዘበኛ ያከብሩታል።

እንግዲህ አደን ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው ነገር በሕግ አውጪዎች ዘንድ ወደ ፊትም መከራከሪያ ሆኖ ይኖራል። በወረዳ ያለ ሹም ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ዘንድሮ የሚዘራው በቆሎ ዘንድሮ ይጠበቃል፣ ዘንድሮ የሚወለደው ጉሬዛም ዘንድሮ ይጠበቃል። ሁለቱን አስማምቶ የጠበቀ ሹም ለገበሬው ጎተራውን፣ ለልጆቹም ደኑን አተረፈላቸው ማለት ነው።